ወርቅ ፍለጋ ባህር ለሚገባው ተማሪዬ

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ ከፍሎሪዳ ኢንቦክስ አደረገልኝ። «ቲቸር፣ ውሃ ውስጥ የሚሰራ ሜታል ዲቴክተር ልገዛ ነው። ፊዚክስ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ የትኛው ይሻለኛል?»

የሚኖርበት ዳርቻ ትሬዠር ኮስት ይባላል። በ1715 እ.ኤ.አ. ወርቅና ብር ጭነው ከሃቫና ወደ ስፔን ሲመለሱ የነበሩ 11 መርከቦች በማዕበል የሰጠሙት እዚያ ነው። ዛሬም ከማዕበል በኋላ አሸዋው ላይ ሳንቲም የሚያገኝ ሰው አለ። ልጁ ይሄን ሰምቶ እንቅልፍ አጥቷል።

ሁለት ማሽን መርጧል፤ ኤክስካሊበር 2 እና ሲ ሀንተር ማርክ 2። ሁለቱም እስከ 200 ጫማ ጥልቀት ይወርዳሉ። ውዱ ከሺህ ዶላር በላይ ነው። እናቱ ሰፈራችን ናቸው፣ ልጃቸው በሚልክላቸው ነው የሚኖሩት። ስለዚህ በቀልድ ላልፈው አልቻልኩም።

እስቲ 10ኛ ክፍልን አስታውሱ። («ይሄ ነገር የት ይጠቅመናል?» ስትሉኝ የነበራችሁ በተለይ።) ባንክ በር ላይ ጥበቃው ሰውነታችን ላይ የሚያዞራት ነገር አሠራሯ ከዚህ ብዙም አይለይም። የተጠቀለለ ሽቦ ተለዋዋጭ ማግኔቲክ ፊልድ ይልካል። ፊልዱ ሜታል ሲያገኝ ሜታሉ ውስጥ ኤዲ ከረንት ይሽከረከራል፤ ከረንቱም በተራው የራሱን ፊልድ ይፈጥራል። ማሽኑ የሚሰማው ያንን ነው።

ጣጣው ጨው ላይ ነው። በአንድ ሊትር የባህር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ፤ ጨዋማ ውሃ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ስለዚህ ጣና ዳር ዝም የሚል ማሽን ባህር ሲገባ ባህሩን ራሱን እንደ ሜታል ቆጥሮ ይጮሃል። የባሰው ደግሞ ቀጭን የወርቅ ሐብል የሚመልሰው ድምፅ ከጨው ድምፅ ብዙ አይርቅም። ጨውን ዝም አሰኛለሁ ስትል ወርቁንም አብረህ ዝም ታሰኘዋለህ።

ባለ አንድ ፍሪኩዌንሲ ማሽኖች በዚህ ምክንያት እርጥብ የባህር አሸዋ ላይ ያስቸግራሉ። ለሐይቅ ግን ምንም አይላቸውም።

ሲ ሀንተር ፐልስ ኢንዳክሽን ነው። አጭር ምት ይልክና ቆም ብሎ ያዳምጣል። የጨው ምላሽ ቶሎ ይጠፋል፣ የሜታሉ ትንሽ ይቆያል፤ ስለዚህ ጨው አያስጨንቀውም። ግን ሚስማሩን ከወርቁ መለየት ላይ ደካማ ነው። ትንፋሽህን ይዘህ ቆፍረህ ቆፍረህ የፀጉር መርፌ ይዞ መውጣት... ለእኔ አይሆንም።

ኤክስካሊበር ብዙ ፍሪኩዌንሲ ይጠቀማል። ጨውና ሜታል ለየፍሪኩዌንሲው የሚሰጡት መልስ ስለሚለያይ ማሽኑ አነጻጽሮ የጨውን ይቀንሳል። ምርጥ ነው። ግን አንተ ልጅ፣ ጠልቀህ መዋኘት ሳትማር 200 ጫማ ምን ያደርግልሃል? ሰው ቀለበት የሚጥለው ከወገብ እስከ ደረት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ጣትን ያቀጥናል፣ የፀሐይ ቅባት ያንሸራትታል። 3 ሜትር የሚችለው ኖክታ ሌጀንድ፣ ወይም 5 ሜትር የሚችለው ኢኮኖክስ 900 ይበቃሃል። ሁለቱም ባለ ብዙ ፍሪኩዌንሲ ናቸው። በቀረህ ብር እጀታው ረጅም የሆነ፣ አሸዋውን የሚያጠልል የማይዝግ አካፋ ግዛ። ውሃ የማያስገባ ባለ ሽቦ የጆሮ ማዳመጫም አትርሳ፣ ብሉቱዝ ውሃ ውስጥ አይሰራም። ስትጨርስ ሁሉንም በንጹህ ውሃ እጠበው፤ ጨው የማይበላው ነገር የለም።

ስለ ስፔኖቹ ወርቅም ነገርኩት። ፍሎሪዳ ውስጥ ከባህሩ ስር ያለ የጥንት መርከብ ቅርስ ያለ መንግሥት ፈቃድ አይነካም።

«ቲቸር ሕልሜን ገደሉት እኮ!» ብሎ የሚስቅ ፊት ላከልኝ።

የቤት ሥራ ሰጠሁት። ማሽኑን መመለስ ከሚፈቅድ ሱቅ ይገዛል። የሚስቱን ቀጭን ሐብል (ካስፈቀዳት!) በዓሣ ማጥመጃ ክር አስሮ፣ ማዕበሉ እየመጣ የሚመለስበት እርጥብ አሸዋ ውስጥ አንድ ስንዝር ይቀብረዋል፤ የክሩን ጫፍ እጁ ላይ ይጠመጥማል። ማሽኑ ከሰማው ይያዘው፣ ካልሰማው በማግስቱ ይመልሰው።

ቅዳሜ ሊሞክረው ነው። ባህር ዳር የምትኖሩና በዲቴክተር የሠራችሁ ልጆቼ ካላችሁ፣ ከቅዳሜ በፊት ኮሜንት ላይ ጻፉለት።