ኮሚሽን በልቷል!

ነገሩ የተጀመረው በቁጠባ ነው፡፡ አራት ጓደኛሞች ከሻይ፣ ከሞባይል ካርድና ከፑል ቀንሰን አንድ ያገለገለ 125 ሲሲ ሞተር ሳይክል ለመግዛት አዋጣን፡፡ ዓላማችን? ሞተሩን አውርደን፣ ቱቦ በይደን፣ አራት የባጃጅ ጎማ ገጥመን በመካነ ሰላም ፒስታ ላይ የምትዘል አንዲት ትንሽ መኪና መሥራት! (ሳቁ፤ ሰፈሩም ስቆብናል፡፡)

ግዢውን ለአንዱ ጓደኛችን ሰጠነው፡፡ አፋር፣ ሎጊያ ድረስ ወርዶ ገዝቶ መጣ፡፡ ‹‹እዚያ ነድቼዋለሁ፤ ጥይት ነው›› አለን፡፡ እኛ ጋ ሲደርስ ግን ጥይቱ ከሸፈ፡፡ መኪናዋ ላይ ገጥመን ስናስነሳው ያስላል፣ በማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ቤንዚን እንደ ውሃ ይጠጣል፣ ዳገት ሲያይ ደግሞ ቀጥ!

ሦስታችን ስብሰባ ተቀመጥን፤ እሱ በሌለበት፡፡ አንዳችን ‹‹ኮሚሽን በልቷል›› አልን፡፡ ሌላችን ‹‹ካልበላማ ይህን አይገዛም›› አልን፡፡ ሦስተኛችን ዝም አልን፤ ዝምታውም እንደ ድምፅ ተቆጠረ፡፡ ማታ ነገርነው፡፡ አልተከራከረም፡፡ ‹‹ድርሻዬን ተውኩላችሁ›› ብሎ ወጣ፡፡

ሞተሩን ሸጠን ልንገላገል ስንል አንድ አዛውንት መካኒክ ካንዴላውን ፈትተው አዩት፡፡ ጥላሸት ለብሷል፡፡

‹‹ከየት ነው የመጣው?››

‹‹ከሎጊያ፣ ጋሼ፡፡››

‹‹ሞተሩ ጤነኛ ነው፡፡ አየሩ ነው የሳሳበት፡፡››

የሎጊያ ከፍታ 500 ሜትር እንኳ አይሞላም፡፡ መካነ ሰላም ግን 2600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል፡፡ 1 ኪሎ ቤንዚን በወጉ እንዲነድ ደግሞ 15 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል፡፡ ካርቡራተሩ ይህን አያውቅም፤ ቆላ ላይ እንደለመደው ይቀዳል፡፡ ለካ ሞተራችን የታመመው ከጥጋብ ነው!

ጋሼ የካርቡራተሩን መርፌ አንድ እርከን ዝቅ አደረጉ፡፡ የአየሩን ብሎን በካቻቢቴ እስከ መጨረሻው አጥብቀው ሁለት ዙር ያህል መልሰው ከፈቱ፣ ፊልትሮውን አጸዱ፣ ሚኒሞውን አስተካከሉ፡፡ ትንሽ ነድተን ስንመለስ ካንዴላው የተቆላ ቡና መስሏል፡፡ ‹‹እንዲህ ነው የምንፈልገው፡፡ ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፤ ሞተር ያቃጥላል፡፡ ወደ ዓባይ በረሃ ከወረዳችሁ ብሎኑን መልሳችሁ አጥብቁ›› አሉን፡፡

ጭሱ ጠፋ፤ ዳገቱ ግን ገና ነው፡፡ የጎደለ አየር በብሎን አይመለስማ! ስለዚህ ካቴናውን የሚያዞረውን የፊት ጥርስ ከ15 ወደ 13 ቀየርነው፤ የኋላው 40 እንደሆነ ቀረ፡፡ ፍጥነቷ ቀነሰ፤ ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት ግን በ15 በመቶ ገደማ ጨመረ፡፡ ካቴናውን በጣት ገፋ ሲያደርጉት ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር እንዲላላ አድርገን ወጠርነው፡፡ ዳገቱን ወጣች!

የወጣችው ወደ እሱ ቤት ነው፡፡ በር ላይ ሳናጠፋት ቆምን፡፡ ‹‹ይቅርታ›› የሚለውን ማን እንደሚጀምር ስንገፋፋ እሱ ብቅ አለ፡፡ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘንብሎ አዳመጠ፡፡

‹‹ሚኒሞው ትንሽ በዝቷል›› አለ፡፡ ጎንበስ ብሎ ቀነሰው፡፡

ከዚያ በኋላ አብረን ስንነዳት ከረምን፡፡ ድርሻውን ግን ስንት ጊዜ ለምነነው እስከ ዛሬ አልተቀበለንም፡፡