ከታጁራ እስከ ኦቦክ

ከጅቡቲ ከተማ ተነስቶ የታጁራን ባሕረ ሰላጤ እየዞረ ኦቦክ የሚገባው መንገድ ዓይኑን ገልጦ ለሚጓዝ ሰው ትልቅ መድረሳ ነው። በስተቀኝ ባሕሩ፣ በስተግራ ከእሳተ ገሞራ የቀረ ጥቁር ድንጋይ። እንዲህ ባለ ምድር ምን ይኖራል ያሰኛል። ሆኖም አላህ (ሱ.ወ) ሲሳዩን ያልወሰነለት ተንቀሳቃሽ የለምና እዚያም ፍጥረት ሞልቷል። ባለፈው ጥቅምት ከእህቴ ቤተሰብ ጋር በዚህ መንገድ ስንጓዝ፣ ልጆቹ ያዩትን እንስሳ ሁሉ በደብተር እንዲመዘግቡ ሥራ ሰጥተናቸው ነበር።

በመጀመሪያ የተመዘገቡት በአርታ አካባቢ ያገኘናቸው ዝንጀሮዎች ናቸው። ወንዱ ትከሻው ላይ እንደ ካባ የተጣለ ነጣ ያለ ጋማ አለው፤ መንጋው መኪና ሲያይ ወደ አስፋልቱ ዳር ይወርዳል። ልጆቹ ዳቦ ሊወረውሩ መስኮት ሲከፍቱ አባታቸው ከለከላቸው። ምክንያቱን የነገራቸው በሾፌር ቋንቋ ነው፦ ዳቦ የለመደ ዝንጀሮ ከመንገድ አይርቅም፣ ከመንገድ ያልራቀ ደግሞ የከባድ መኪና ሲሳይ ይሆናል። ሰደቃ መስሎን የምናደርገው ሁሉ ሰደቃ አይደለም። ከአርታ በታች ባለው ባሕር ከኅዳር እስከ ጥር ዓሣ ነባሪ ሻርክ ይመጣል፤ ከዓሦች ሁሉ ትልቁ ሲሆን ምግቡ ግን በአብዛኛው ደቃቅ የባሕር ነፍሳት ናቸው። የመጣነው ቀደም ብለን ስለነበር አላየነውም። ይጻፍ ወይስ አይጻፍ በሚለው ላይ ልጆቹ እስከ አሳል ሐይቅ መገንጠያ ተከራከሩ። ሐይቁ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በጨው የነጣ ነው። ከዚያው አጠገብ አርዱኮባ የተባለው እሳተ ገሞራ እ.አ.አ. በ1978 ፈንድቷል።

ወደ ታጁራ ስንቃረብ ሁለት የሜዳ ፍየሎች ከግራር ጥላ ሥር ቆመው አገኘን። በድንጋይ መምታት በሚቻልበት ርቀት ላይ ነበሩ፤ አልሸሹም። እኔን ያስታወሰኝ በሱረቱል ማኢዳ የተነገረው ነው። አላህ (ሱ.ወ) ምእመናንን እጃቸውና ጦራቸው በሚደርስበት አደን እንደሚፈትናቸው ይነግረናል፤ በሩቅ ሆነው የሚፈሩት እነማን እንደሆኑ እንዲለይ። ይህ ስለ ሙሕሪም የተነገረ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን እጅ ሊደርስበት የሚችልን ነገር መተው ፈተና መሆኑን ለመማር ኢሕራም መልበስ ግድ አይመስለኝም። ከታጁራ በላይ በጎዳና በማብላ ተራሮች በዓለም ላይ ከጅቡቲ በቀር የትም የማትገኝ የቆቅ ዓይነት አለች። የምትኖርበት ጥድ በመድረቁ ዛሬ ለመጥፋት ተቃርባለች። እሷንም አላየንም።

ታጁራ ላይ ዙህርን ሰግደን ወደ ኦቦክ ቀጠልን። ከዚህ በኋላ በየግራሩ ሥር ያየነው የሜዳ ፍየል አልነበረም። ሰዎች ናቸው። ሦስትም አምስትም ሆነው፣ ነጠላ ጫማ ተጫምተው፣ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው በዚያ ሐሩር በእግር የሚጓዙ፣ አብዛኞቹ የእኛው አገር ልጆች። ኦቦክ ደርሰው በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ለመሻገር ነው። ትልቋ ልጅ ደብተሩን ዘጋችው። ማንም ዝጊ አላላትም።

አንዱ ጥላ ሥር ቆምን። ሦስት ወጣቶች ነበሩ፤ አነጋገራቸው የወሎ ነው። ሰላምታ ተለዋውጠን ጀሪካኑን አወረድን። ትንሹ ጠጥቶ ሲያበቃ፣ «ጋሼ፣ ኦቦክ ብዙ ይቀራል?» አለኝ። ለተጠማ ውሻ ውኃ ቀድቶ ያጠጣው ሰው አላህ ምሕረት እንዳደረገለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል፤ ይህን ሐዲስ ለልጆቻችን ስለ እንስሳት እዝነት ስናስተምር እንጠቅሰዋለን። በዚህ መንገድ ላይ ግን መስኮት ዘግተን ለወፍ ፎቶ የምናነሣ መንገደኞች ጥቂት አይደለንም።

ከራሳችን በላይ ንስሮች እየተሽከረከሩ ነበር። ንስር ክንፉን እያርገበገበ ረጅም መንገድ መብረር ይከብደዋል። ፀሐይ ካጋለችው መሬት ሽቅብ በሚወጣው ሞቃት አየር ላይ ክንፉን ዘርግቶ ይወጣል፣ ከዚያም እየተንሸራተተ ይጓዛል። ባሕር ላይ እንዲህ ያለው አየር ስለሚጠፋ ባሕሩ የሚጠብበትን ቦታ ይፈልጋል፤ ባብ ኤል መንደብ ደግሞ ወርዱ 30 ኪ.ሜ. ቢሆን ነው። እ.አ.አ. በ1987 መጸው እዚህ ዳርቻ ቆመው የቆጠሩ ሰዎች ከየመን የተሻገሩ ሩብ ሚሊዮን ገደማ አዳኝ ወፎች መዝግበዋል። ትላልቆቹ መንገዱን ያውቁታል። ከባልካን አገሮች ወደ አፍሪካ የሚነሡ ወጣት ጥንብ አንሳዎች ግን መንገድ የሚያውቅ ትልቅ ወፍ ሲያጡ በሜዲትራኒያን ሰፊ ባሕር ላይ በቀጥታ ይወጣሉ፤ ብዙዎቹም እዚያው ሰጥመው ይቀራሉ።

ይህን ለወጣቶቹ ስነግር ትንሹ ቀና ብሎ ሲያይ ቆየና፣ «እነሱ ከየመን ወደኛ አገር ነው የሚመጡት?» ሲል ጠየቀ። አዎን አልኩት። ጓደኞቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

በጎዶሪያ፣ ከኦቦክ በስተሰሜን ባለው ዳርቻ፣ ግመሎች የባሕር ውስጥ ዛፍ ቅጠል ሲግጡ ይታያሉ፤ ለማየት የሚያምር ቦታ ነው። እ.አ.አ. በሚያዝያ 2024 በዚያው አቅራቢያ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ከየመን ወደ ኋላ ሲመለሱ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ደላላው ይህን አይናገርም። እኛ ነገርናቸው። ትልቁ ወጣት ሰምቶ፣ «አላህ ያውቃል» አለና ጠርሙሱን ሞላ። ኦቦክ ላይ ወደ አገሩ መመለስ የፈለገን የሚረዳ የስደተኞች ማዕከል መኖሩንም ነገርናቸው፤ ስለሱ ሰምተው ነበር።

ልንነሣ ስንል ትንሹ ወደ እህቴ ባል ጠጋ ብሎ ስልክ ለመነው። ቁጥሩን በቃሉ ያውቀዋል። ሲጠራ ቆየ፤ ከዚያ እናቱ «ማነህ?» ስትል ድምጿ ለሁላችንም ተሰማን።