በመኪናችን ጣሪያ ላይ ያለው አማና



ዒደል አድሓ ሲቃረብ ከአዲስ አበባ በአለም ገና በኩል ወደ ቡታጅራና ወራቤ የሚወስደውን መንገድ ያየ ሰው፣ የመኪኖቹ ጣሪያ ከውስጣቸው ይልቅ ብዙ እንደሚናገር ያውቃል። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ የስኳር ጆንያ፣ የዘይት ጀሪካን፣ አንዳንዴም እግሩን የታሰረ በግ ሳይቀር ፖርቶ መጋላ ላይ ይታያል። የስልጤ ልጅ ዓመቱን ሙሉ የትም ሠርቶ ቢያድር አረፋን ወላጆቹ ቤት ማክበር ይፈልጋል። ከሴቶች አረፋ ቀድሞ ለመድረስ ይጣደፋል። ባዶ እጁን መግባት ደግሞ አይሆንለትም።

በዚህ ጽሑፋችን ስለ መኪና ጣሪያ ጭነት ጥቂት ልንል እንወዳለን። ጉዳዩ የጋራዥ እንጂ የቤተሰብ መጽሔት አይደለም የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ከዚያ ጭነት ሥር ማን እንደሚቀመጥ ቆም ብሎ ያስብ። እናቶችና ሕፃናት ናቸው። ከኋላ በሚከተለው መኪና ውስጥም ያሉት እንደዚሁ የሰው ልጆች ናቸው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ መንገድ ላይ ከፊታችን ይሄድ ከነበረ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አንድ ጆንያ ኩርባው ላይ ተንሸራቶ አስፋልቱ መሐል ሲወድቅ በዓይናችን አይተናል። ከወዲያ የሚመጣ መኪና አልነበረም፣ አልሐምዱ ሊላህ። ሾፌሩ ወርዶ ጆንያውን እያነሳ፣ «ገመዱ አርጅቶ ነው» አለ። አጠገቡ የቆሙ አዛውንት ግን ምንም ሳይናገሩ ገመዱን ብቻ ተመለከቱ። ገመዱ አዲስ ነበር፤ የታሰረው ግን ከጫፍና ከጫፍ ብቻ ነበር፤ መሐሉ ባዶ ነው።

ፖርቶ መጋላን ሁላችንም እናውቀዋለን። በቅርብ ዓመታት ግን ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ፣ የተገለበጠ ጀልባ የሚመስል፣ ክዳንና ቁልፍ ያለው ሣጥን በአንዳንድ የቤት መኪኖች ጣሪያ ላይ መታየት ጀምሯል። እኛም ግንቦት 29 ቀን 2017 ለዋለው የ1446 ሒጅራ ዒድ ስንዘጋጅ፣ ዝናቡን ሰግተን፣ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ አንድ ያገለገለ ሣጥን ከሁለት አግድም ብረቶቹ ጋር ገዛን። ሻጩ፣ «የፈለጋችሁትን ያህል ጫኑበት፣ ብረት ነው» ብሎ መርቆ አሰናበተን። ብረቱስ ብረት ነው። ብረቱ የሚያርፍበት ጣሪያ ግን ቆርቆሮ መሆኑን ማስታወስ የገዢው ፈንታ ነው።

ሣጥኑን ከመስቀላችን በፊት የመኪናችንን መመሪያ መጽሐፍ አገላበጥን። ለጣሪያው የተፈቀደው ክብደት 75 ኪሎ ነው ይላል። ከዚህ ያነሰ የተፈቀደላቸው ትናንሽ መኪኖችም ስላሉ ሁሉም የራሱን መጽሐፍ ይመልከት። ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ ታዲያ ይህ ነው፦ በቁጥሩ ውስጥ ዕቃው ብቻ ሳይሆን ብረቶቹና ሣጥኑ ራሱም ይቆጠራሉ። ብረቶቻችን 5 ኪሎ፣ ሣጥኑ 17 ኪሎ መዘኑ። ለዕቃ የቀረን 53 ኪሎ ነው ማለት ነው። አንድ ጆንያ ስኳር ይህን ሊጨርሰው ምንም አይቀረው።

አገጣጠሙ ሁለት ሰው ይፈልጋል። በመጀመሪያ የብረቶቹ እግሮች የሚያርፉበትን ቦታ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግን፤ አቧራ ከሥር ከቀረ ቀለሙን ይፈጨዋል፣ እግሩም አጥብቆ አይይዝም። በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ርቀትም በዘፈቀደ አይለካም፤ መመሪያው የሚያዘውን መከተል ነው። ከዚያ ሣጥኑን ሹል አፍንጫው ወደ ፊት እንዲሆን አድርገን ጫንነው። ወደ ፊት ከመጠን በላይ ከወጣ ነፋሱ ከሥሩ ገብቶ ያነሳዋል። ወደ ኋላ ከሸሸ ደግሞ ቪትዝን የመሰሉ፣ የኋላ በራቸው ወደ ላይ የሚከፈት መኪኖች በሩን ሲከፍቱ ከሣጥኑ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ብሎኑ ከመጥበቁ በፊት በሩን ቀስ ብሎ እስከ መጨረሻው ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። ሣጥኑ በግራና በቀኝም እኩል መሆን አለበት፤ አለዚያ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። ክዳኑ በአንድ ወገን ብቻ የሚከፈት ከሆነም በቀኝ በኩል ቢሆን ይመረጣል። በአገራችን መኪና የሚነዳው በቀኝ ነውና፣ መንገድ ዳር ቆሞ ዕቃ የሚያወርድ ሰው ጀርባውን ለሚበር መኪና አይሰጥም።

አራቱን ማሰሪያዎች ካጠበቅን በኋላ ከትምህርት ቤት የማትለየንን ጠመኔ አውጥተን፣ እያንዳንዱ ማሰሪያ ብረቱን በያዘበት ቦታ አንድ አንድ መስመር አሠመርን። ሣጥኑ በጉዞ ላይ አንድ ጣት እንኳ ቢንሸራተት መስመሩ ይነግረናል። ብሎን በጉዞ መጀመሪያ ላይ ይላላል። ስለዚህ የመጀመሪያ ማቆሚያችን ሩቅ አልነበረም፤ መልካ ቁንጥሬ ላይ፣ አዋሽን ሳንሻገር ወርደን መስመሮቹን አየን፤ አንዱን ብሎን ሩብ ዙር ጨመርንለት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሣጥን ገዛን ብለን ዝም ብንልም ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። በሁለት ቀን ውስጥ የአምስት ቤት ዕቃ ሳሎናችን ውስጥ ተከመረ። የልጆቻችን እናት ሁሉንም በሰው መመዘኛ ሚዛን መዘነችው፤ ዕቃውን ይዛ ትቆምና ባዶዋን ስትቆም ያለውን ቁጥር ትቀንሳለች። ልብሱ፣ ብርድ ልብሱ፣ የልጆች ጫማው ተደምሮ 34 ኪሎ ሆነ። ደስ አለን፤ ጣሪያ ላይ መውጣት ያለበት እንዲህ ያለ ሰፊና ቀላል ዕቃ ነውና። ሰሃንና ብረት ድስቱን ከታች ከኋላ ኮፈን ውስጥ፣ ወደ መቀመጫው አስጠግተን አስቀመጥነው።

በዋዜማው ማታ አንድ የተከበሩ ሐጂ ጎረቤታችን በጋሪ 50 ኪሎ ስኳር አስጭነው መጡ። ለእህታቸው ነው። እሳቸው ለሰፈሩ ሁሉ አባት ናቸው፤ ለእኛም ከአንድ ጊዜ በላይ ደርሰውልናል። ኮፈኑ ሞልቷል፤ ኋላ ወንበር ላይ ሦስት ልጆች ይቀመጣሉ። የቀረው ጣሪያው ነው። ስኳሩ ቢወጣ ጠቅላላው 106 ኪሎ ይሆናል፤ ከተፈቀደው በ31 ይበልጣል።

«ሐጂ፣ ይቅር ይበሉን፣ አንችልም» አልናቸው።

«ሣጥኑ ታዲያ ለምን ተገዛ?» አሉ። ከዚያም ለስለስ ብለው፣ «በአላህ ተወከሉ፣ ልጆቼ። እሱ ያደርሳችኋል» አሉን።

ይህ ንግግር ከባድ ነው። ለታላቅ ሰው «ተወኩል እንዲህ አይደለም» ብሎ መልስ መስጠት አደብ አይሆንም። ግን በቲርሚዚ የተዘገበውን የግመሏን ሐዲስ የማያውቅ ማን አለ? ማሰሩ ከመመካቱ ይቀድማል። በመድረሳ የተማርነው ተወኩልና በዓለማዊው ትምህርት ቤት የተማርነው የክብደት ማዕከል የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ክብደት ከላይ ሲበዛ መኪናው በኩርባ ላይ ወደ ውጭ ያጋድላል፤ ፍሬን ሲያዝ ለመቆም የሚወስደው ርቀት ይረዝማል፤ በሜዳው ላይ ያለው የጎን ነፋስም መሪውን ይነጥቃል። እኛ ዘንድ አማና መቀበል ማለት ዕቃውን ከሰው እጅ መረከብ ብቻ አይደለም፤ ማድረስ የማንችለውን «እሺ» ብለን ብንቀበል ገና ከጅምሩ አማናውን አጉድለነዋል። ደግሞስ ኋላ ወንበር ላይ የተኙት ሦስቱ የማን አማና ናቸው?

ሐጂ ዝም አሉ። ዝምታቸው ከቁጣ ይልቅ ከበደን። በመሐሉ የልጆቻችን እናት ሻይ ይዛ ገባችና፣ «ሐጂ፣ ቡታጅራም እኮ ስኳር አለ። ገንዘቡን ይስጡን፤ እዚያ ገዝተን፣ ከቡታጅራ በሚነሳ የጭነት መኪና እንልካለን፤ ወራቤ ላይ እኛው እንቀበለዋለን» አለች። ሐጂ ትንሽ አሰቡ። ብሩን ቆጥረው ሰጡንና፣ «እንግዲያስ ከአዲስ አበባ የተላከ ነው በሉልኝ» አሉ።

«ሐጂ የላኩት ነው እንላለን። ከየት እንደተገዛ ካልጠየቁን አንናገርም» ብለን መለስንላቸው። ሳቁ፤ የሳቁት ግን በግማሽ ነው።

ጠዋት ከፈጅር በኋላ የመሳፈሪያውን ዱዓእ ከልጆቻችን ጋር ብለን ተነሳን። ግቢያችን በር ላይ ሲደርሱ ሣጥኑን የሚረሱ ብዙ ናቸው፤ መኪናው እኮ ቁመቱ ጨምሯል። እኛ ከመሬት እስከ ሣጥኑ አናት ለክተን ቁጥሩን በወረቀት ጽፈን መሪው አጠገብ ለጥፈነው ነበር። በመንገዱ ላይ ከ80 አላለፍንም። ጢያ አጠገብ ሁለት ሚኒባሶች እየነፉ ቀደሙን፤ ልጃችን «ለምን እንቀደማለን?» ብሎ አኮረፈ። ቡታጅራ ስኳሩን ገዝተን ላክን። 170 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ወራቤ ስንገባ የጠመኔው መስመሮች ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

የሐጂ እህት ስኳሩን ሲረከቡ ያለቀሱት ከየት ተገዛ ብለው ሳይሆን ወንድማቸው ሳይመጣ በመቅረቱ ነው። ከየት እንደሆነ አልጠየቁንም። ከአተካናው ጋር ያጠገቡን መቼም አይረሳንም።

ስንመለስ ለሐጂ አንድ ቅል ቅቤ አስያዙን። ዘመዶቻችን ሣጥኑ ውስጥ ሊያስቀምጡት ሲሉ ከለከልን። ጥቁር ሣጥን ክዳኑ ተዘግቶ ፀሐይ ሲመታው እንደ ምድጃ ይግላል፤ ቅቤው ቀልጦ ብርድ ልብሱን ሁሉ ያበላሸዋል። እርጥብ ቆጮም እንዲሁ ላይ አይወጣም፤ ትንሽ የሚመስለው ጥቅል ሲመዘን ያስደነግጣል። ቅሉ በልጃችን እግር መካከል ተቀምጦ አዲስ አበባ ገባ።

ሐጂ ቅቤውን ሲቀበሉ፣ «እህቴ ምን አለች?» ብለው ጠየቁን። «ለዙልሒጃ ሰው ራሱ ይምጣ እንጂ ስኳር ምን ያደርጋል ብለዋል» አልናቸው። ለሚቀጥለው አረፋ በመኪናችን ውስጥ ቦታ እንድንይዝላቸው ነግረውናል፤ ስለዚህ አንዱ ልጅ እናቱ ጉልበት ላይ ሊቀመጥ ስለማይገባ፣ ከአሁኑ ሌላ መኪና ካላቸው ዘመዶች ጋር እየተነጋገርን ነው። ሣጥኑን ግን በማግስቱ አውርደነዋል። ባዶውን ተሸክሞ መዞር ቤንዚን ከማስጨረስ በቀር ጥቅም የለውም። አሁን ጓሮ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ አራቱ ማሰሪያዎች ከነብሎኖቻቸው በአንድ ከረጢት ውስጥ ታስረው አብረውት ይገኛሉ።