በወፍ ላይ የዘመተ ጦር

ዛሬ ወደ ምዕራብ አውስትራሊያ እንሻገር። አገሩ ደረቅ ነው፤ ስንዴ ግን ያበቅላል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች እዚያ መሬት ተሰጥቷቸው ገበሬ ሆኑ።

በ1925 ዓ.ም. የስንዴ ዋጋ ወድቆ ሳለ፣ ኢሙ የሚባል የሰጎን ዘመድ ወደ 20,000 ሆኖ መጣባቸው። ኢሙ አይበርም፤ ቁመቱ ግን ሰው ያህላል። አዝመራውን በላ፣ ረገጠ፣ አጥር ሰበረ። በተሰበረው በኩል ደግሞ ጥንቸል ገባ። ገበሬ ምን ይዋጠው!

መንግሥት አንድ ሻለቃና ሁለት ተኳሾች፣ 2 መትረየስና 10,000 ጥይት አስይዞ ላከ። መትረየሱ ሲንጣጣ ኢሙዎቹ በየአቅጣጫው ተበተኑ። እንኳን እግረኛ መኪናም አልደረሰባቸው። ሻለቃው 986 ገደልን አለ። ታሪኩን የሰማ ሁሉ ይስቃል፤ እኛ ግን ያዘንነው ለስንዴው ነው። ወታደሮቹ በታኅሣሥ ተመለሱ። ገበሬዎቹ ኋላ ጠንካራ አጥር አጠሩ። የኢሙ ሥዕል ዛሬ በአውስትራሊያ የ50 ሳንቲም ገንዘብ ላይ አለ።