አራት መጻሕፍት ከግማሽ

ጳጉሜን ሲገባ የየቤቱ እመቤት የየራሷ ሥራ አላት። አንዷ ምንጣፏን አውጥታ ታራግፋለች፤ አንዷ ለጠላዋ ጌሾ ታስወቅጣለች፤ ሌላዋ የዶሮውንና የሽንኩርቱን ዋጋ ስታሰላ እንቅልፍ ታጣለች። እኔም ከዚህ ሁሉ አላመልጥም። ሆኖም ከዚሁ ጎን ለጎን አንድ የቆየ ልማድ አለኝ። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ ከያዝኩበት ጊዜ ጀምሮ በዓመቱ ያነበብኳቸውን መጻሕፍት ስም በአንድ ደብተር ጀርባ ላይ እጽፋለሁ፤ ጳጉሜን ላይ ደብተሩን ገልጬ እቆጥራለሁ። ቁጥሩን የሚጠይቀኝ አለቃም ባል የለም። ዝም ብሎ የራሴ ሒሳብ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን ደብተሩን ስገልጥ ያገኘሁት አራት ርእስ ነበር። አምስተኛው ርእስ ተጽፎ ከጎኑ «ገና» የሚል ቃል ተጨምሮበታል። ከማግባቴ በፊት በዓመት ከሃያ በታች ቆጥሬ አላውቅም ነበርና ብቻዬን ቁጭ ብዬ አፈርኩ። ደብተሩን ዘግቼ ወደ ሽንኩርቴ ተመለስኩ።

ውድ አንባቢያን፣ በተለይ እናንተ ጠዋት ልጅ አልብሳችሁና አብልታችሁ ወደ ሥራ የምትሮጡ፣ ማታ ደግሞ ከምድጃ ሥር የምትቆሙ እህቶቼ፣ ነገሩ እንግዳ እንደማይሆንባችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ አራቱንና ግማሹን ላጫውታችሁ።

የአቤ ጉበኛን «አልወለድም» የጨረስኩት ልጄ ጉንፋን ይዟት ስትነጫነጭ ባደረችባቸው ሌሊቶች ነው። ገና በማኅፀን ሳለ ወደዚህ ዓለም አልወጣም ብሎ የሚሟገተውን ፅንስ ታሪክ፣ ተወልዳ አልተኛም ብላ የምትሟገት ልጅ ታቅፎ ማንበብ የራሱ ለዛ አለው። የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ዘንድሮ ያነበብኩት ለሁለተኛ ጊዜ ነው። መጽሐፉ በዓመቱ ውስጥ በእንግሊዝኛ ታትሞ ስለወጣ የመሥሪያ ቤታችን ሰው ሁሉ ያወራበት ነበር። በ1975 ዓ.ም. የወጣውን፣ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. የውሃ ሽታ ሆኖ የቀረበትን ያን መጽሐፍ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ጨረስኩት። የዘነበ ወላ «ልጅነት»ም እንዲሁ የሰልፍ መጽሐፍ ነበር። አራተኛው የሐዲስ ዓለማየሁ «ተረት ተረት የመሠረት» ሲሆን፣ እርሱን ያነበብኩት ለራሴ አይደለም። አምስተኛውንም ቢሆን ለራሴ ብዬ አልጀመርኩትም። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን አንድ የምናዘዘው ነገር አለኝ።

ልጄ የተወለደችው ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ነው። ጥር 2017 ላይ ዓመት ከመንፈቅ ሲሞላት የምትናገራቸው ቃላት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ «እማ» እና «እንካ»። «እንካ»ን ስትሰጥም፣ ስትቀበልም፣ ለወንድም ለሴትም ትለዋለች። እኩያዋ የሆነው የጎረቤታችን ልጅ በዚያው ሰሞን ድመታቸውን በስሟ እየጠራ ያባርር ነበር። እኔም ከሥራ ስመለስ የዚያን ልጅ ድምፅ በደረጃው ላይ በሰማሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። «አይዞሽ፣ የኔም ሁለተኛው ዘግይቶ ነው የተናገረው» ያለችኝ አለች። በዕድሜ የገፉ አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ «ስለት ተሳዪ ልጄ» አሉኝ።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ጆሮዋ ታየና ደህና ነው ተባለ። ከዚያ ነርሷ ስለ ምግቧ፣ ስለ እንቅልፏ ጠየቀችኝና «በቀን ስንት ሰዓት ስልክ ታያለች?» አለች።

«ኧረ እሷ! ግፋ ቢል ግማሽ ሰዓት» አልኩ።

ነርሷ ካርዱ ላይ ጻፈችና ቀና ብላ «ሁሉም እናት ግማሽ ሰዓት ነው የምትለኝ» አለች። ቁጣም ፌዝም አልነበረበትም። እኔ ግን ከዚያ ወንበር ላይ የተነሳሁት ፊቴ እንደ በርበሬ ቀልቶ ነው።

እውነቱ እንዲህ ነው። ቀን ልጅቷን የምትይዝልን ሠራተኛ እንጀራ ስትጋግር ስልክ ትሰጣታለች። ማታ እኔ ያመጣሁትን ጽሑፍ ሳርም እሰጣታለሁ። ባለቤቴ ዜና ሲያይ እንዳትረብሸው ይሰጣታል። ምግብ ስትበላ ደግሞ አፏን እንድትከፍት ሁላችንም እንሰጣታለን። እያንዳንዳችን የምናውቀው የየራሳችንን ግማሽ ሰዓት ብቻ ነበር። ማታ ቤት ገብቼ ከሠራተኛዋም ከባለቤቴም ጠይቄ ስደምረው አራት ሰዓት ሆነ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው ሁለት ዓመት ላልሞላ ሕፃናት እንዲህ ያለውን ነገር ጭራሽ አይመክርም፤ ሁለት ዓመት ለሞላቸውም ቢሆን በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ያነሰ ቢሆንም የተሻለ እንደሆነ ይናገራል። በምትኩ አጠገባቸው ተቀምጦ ማንበብንና ተረት መንገርን ይመክራል። ይህን እኔ ራሴ ከዚህ በፊት ለዚህ ዓይነቱ ዓምድ ጽፌዋለሁ። ለሌላ ሰው ልጅ መሆኑ ነው።

ስልክ ብቻውን የልጅ አንደበት ይይዛል ማለቴ አይደለም። የልጅ አነጋገር የሚዘገይበት ምክንያት ብዙ ነው፤ መጀመሪያ ጆሮዋ የታየውም ለዚሁ ነው። እናንተም ልጃችሁ ብትዘገይባችሁ ከጎረቤት ምክር በፊት ጤና ጣቢያውን አስቀድሙ። ስትጠየቁም እንደ እኔ አትዋሹ።

እንግዲህ አንብቢላት ተብያለሁ። ሥዕል ያለበት የሕፃናት መጽሐፍ ገዛሁ። የመጀመሪያውን በላችው። በላችው ስል ለነገር ማሳመሪያ አይደለም፤ የዝሆኑ ኩምቢ እስካሁን አልተገኘም። ሁለተኛውን ደግሞ ሦስት ቀን ካነበብኩላት በኋላ እኔው ራሴ ሰለቸሁት። እናት የሰለቻትን መጽሐፍ ልጅ እንድትወደው መጠበቅ የዋህነት ነው።

የካቲት ላይ እናቴ አቃቂ ካለው ቤቷ እኛ ዘንድ መጥታ ተቀመጠች። ሁለቱም ዓይኗ ሞራ ለብሶ ስለነበር የቀዶ ሕክምና ተራዋን የምትጠብቀው እኛ ጋ ሆና ነው። ከሻንጣዋ ውስጥ ከነጠላዋ ጋር ተጠቅልሎ የወጣው በፕላስተር የተጠጋገነ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነበር። «ማንበቡስ ቀርቶብኛል፤ ቤት ውስጥ ብቻውን እንዳይሆን ብዬ ነው» አለች።

ስለዚህ መጽሐፍ ጥቂት ልንገራችሁ። እናቴ የሃያ ዓመት ወጣትና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ሳለች ፊደል አታውቅም ነበር። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ከፈረቃዋ መልስ ቀበሌ እየሄደች ፊደል ቆጠረች። ደመወዟን ለመጀመሪያ ጊዜ በአውራ ጣቷ ሳይሆን በስሟ ፈርማ የተቀበለችበትን ቀን እስከ ዛሬ እንደ ልደት ቀን ታነሳዋለች። በኢትዮጵያ ሬዲዮ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ ደግሞ ፈረቃዋ በፈቀደላት ቀን ሁሉ ትሰማ ነበር። ሰምታ ስትጨርስ «በጆሮዬ የሰማሁትን በዓይኔ ላረጋግጥ» ብላ ከደመወዟ ቆጥባ ገዛችው። ማንበቡ ዓመት ፈጀባት። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ ስንት ቤት እንደገባ አላውቅም፤ እኛ ቤት የገባው ግን በዚህ መንገድ ነው።

የካቲት ውስጥ አንድ ማታ መብራት ጠፋ። የስልኩም ባትሪ አልቆ ነበር። ልጄ ታለቅሳለች፣ እናቴ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፣ እኔ ሻማ ይዣለሁ። የሚነበብ ከሆነ ይነበብ ብዬ ያን መጽሐፍ አነሳሁና ጮክ ብዬ ጀመርኩ። ሁለት ዓመት ላልሞላት ልጅ ይህን መጽሐፍ ማንበብ ዕብደት ይመስላል። ነገር ግን ልጄ የወደደችው ታሪኩን ሳይሆን የእኔን ድምፅና የአያቷን «ወቸ ጉድ!» ይመስለኛል። አያቷ በተገረመች ቁጥር ቀና ብላ ታያታለች። ከዚያች ማታ ወዲህ ከራት በኋላ ሃያ ደቂቃ የንባብ ሰዓት ሆነ። ሃያ ደቂቃ ስል በመካከሉ ውሃ የሚጠጣበት፣ ፖፖ ላይ የሚቀመጡበት፣ ከሶፋ የሚወደቅበትም ተደምሮ ነው። አንድ ገጽ ብቻ ያነበብንበት ማታ ብዙ ነው። መጽሐፉ ለልጅቷ ሲከብድ ደግሞ «ተረት ተረት የመሠረት» ተተካ። ባለቤቴ መጀመሪያ ሳቀብን። ኋላ ግን ተራ ያዘና የጋዜጣውን የስፖርት ገጽ ያነብላት ጀመር። «ጎል» የሚለው ቃል ቤታችን የገባው በዚህ በኩል ነው።

ይህን መጽሐፍ ተማሪ ሳለን ስናነበው ሁላችንም የምንጣደፈው ወደ በዛብህና ወደ ሰብለ ወንጌል ፍቅር ነበር። የመጀመሪያዎቹን ገጾች የዘለለችም አትጠፋም። ዘንድሮ ግን እዚያው መጀመሪያው ላይ፣ ከበዛብህ ወላጆች ከውድነሽ በጣሙና ከቦጋለ መብራቱ ዘንድ ቀረሁ። ልጃቸው እንዲያድግላቸው ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት ስለት ነው ኋላ አድጎ ሲያፈቅር መንገዱ ላይ የሚቆመው። በአሥራ ስምንት ዓመቴ ይህ የታሪኩ መንደርደሪያ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ውድነሽን አየኋት። ልጇ ይሞትብኛል ብላ የፈራች ሴት እጇ ላይ ያለው የሚሰጥ ነገር ልጇ ብቻ ነበር፤ እርሱኑ ሰጠች። እኔም ያን ሰሞን ስለት ተሳዪ ተብዬ ነበርና ድምፄ ተያዘ። እናቴ ዓይኗ ባያይም በድምፄ አወቀችው።

«እኔም ላንቺ ተስዬ ነበር» አለች።

«ምን ብለሽ?»

«አግብቼዋለሁ፤ አንቺን አይመለከትም።»

ከዚህ በላይ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ሰኔ ላይ ልጄ ከመካከሉ አንድ ገጽ ቀደደች፤ ግማሹን አፏ ውስጥ አገኘሁት። ተቆጥቼ እጇን መታሁት። እናቴ «ተይ፣ ወረቀት ነው» አለችና የቀረውን ግማሽ ገጽ አንብቢልኝ ብላ አዘዘችኝ። የተቀደደው ቦታ ላይ ስደርስ የጎደለውን እርሷ ቀጠለች፤ በወጋየሁ አነጋገር፣ ድምጿን እያወፈረች። ቃል በቃል ይሁን አይሁን ለማረጋገጥ ሌላ መጽሐፍ አልፈለግሁም።

ነሐሴ ላይ የአንደኛው ዓይኗ ቀዶ ሕክምና ተሠራላትና መነጽር ታዘዘላት። ራሷ ታነብ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። መጽሐፉን አላነሳችም። ማታ ሲሆን ግን «የት ጋ ነበርን?» ትላለች።

የበዓሉን ነገር ባጭሩ ልጨርስ፤ ዶሮ መበለትን እኔ አላስተምራችሁም። በዋዜማው ሽንኩርቱ ምድጃ ላይ፣ ዶሮው ግማሹ ተበልቶ፣ ልጄ ቀሚሴን ይዛ ስታለቅስ እጄ ማቀዝቀዣው ላይ ወዳስቀመጥኩት ስልክ ሄደ። ሰጠኋት። ሃያ አምስት ደቂቃ። ይህንንም ግማሽ ሰዓት ብላችሁ ጻፉልኝ። ከዚያ እናቴ ሊጥ ቆርሳ ሰጠቻትና ስልኩ መሬት ላይ ተረሳ። ጠዋት የሰፈሩ ልጃገረዶች አደይና እንግጫ ይዘው አበባየሆሽ ሲሉ ልጄ በአያቷ ጉያ ተደብቃ ሰማቻቸው፤ ከሄዱ በኋላ ግን የሰጧትን አበባ ይዛ «አባባ፣ አባባ» እያለች ቤቱን ዞረች። አባቷ እኔን ነው የምትለው ብሎ ደስ አለው።

አሁን ቃሎቿን ስቆጥር ወደ ሠላሳ ይሆናሉ። የጎረቤታችን ልጅ አሁን በዓረፍተ ነገር ይሰድበናል። እኛ ገና ነን። ጥቅምት ላይ እንደገና ጤና ጣቢያ ቀጠሮ አለን፤ ስንት ሰዓት ስልክ ታያለች ስባል የምሰጠውን መልስ ካሁኑ በወረቀት ይዣለሁ።

የመስከረም አንድ ቀን ማታ እንግዳው ሁሉ ሄዶ እኔ ሳህን ሳጥብ፣ ልጄ ያን በፕላስተር የተጠጋገነ መጽሐፍ በሁለት እጇ እየጎተተች መጥታ እናቴ ጭን ላይ ጣለችውና «አምቢ!» አለች።

«ምንድን ነው እምቢ? ማን ምን አላት?» አለ ባለቤቴ።

«አንብቢ ነው ያለችኝ» አለች እናቴ።

ተከራከሩ። እኔ እስከ አሁን የትኛው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ሁለቱንም የምትል ልጅ ናት። እናቴ ግን መነጽሯን አጠለቀችና መጽሐፉን ገለጠች። ከዚያ በፊት በቀበሌው ወንበር ላይ እንደተማረችው ጣቷን ከቃሉ ሥር እየሄደች፣ ቀስ እያለች፣ ጮክ ብላ አነበበች። ልጄ ጣቷን አብራ ታስኬዳለች። እኔ የውሃውን ቧንቧ ዘግቼ ቆምኩ። እኔ ካቆምኩበት ሁለት ገጽ አልፈው ሄዱ፤ እነዚያን ሁለት ገጾች ለመስቀል ብቻዬን አነባቸዋለሁ።