በእንጀራ የሚበላ ፓስታ

የማርከስ ሳሙኤልሰንን «ዘ ሶል ኦፍ ኤ ኒው ኩዚን» እያገላበጥኩ ነው፤ በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ የምግብ መጽሐፍ ነው። ሰውዬው ኢትዮጵያ ተወልዶ ስዊድን ያደገ፣ ኒውዮርክ ላይ ስሙ የገነነ ሼፍ ነው። የአፍሪካን ጣዕም ከሌላው ዓለም ጋር ሲያዋህድ ደስ ይላል። እኔ ግን ወሎ ውስጥ ደጋን ቁጭ ብዬ ሳነበው ሐሳቤ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ማጀት ይሄዳል።

የዚያን ማጀት የፓስታ ስጎ ተመልከቱት። ቀይ ሽንኩርቱ እንደ ወጥ ይቁላላል፤ ዘይት፣ በርበሬ፣ ቲማቲም ይከተላሉ፤ ነጭ ሽንኩርቱ መጨረሻ ላይ ጣል ይደረጋል። ፓስታው በስጎው ተለውሶ እንጀራ ላይ ይገለበጣል፣ ከእንጀራው ጋር በእጅ ይጎረሳል። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ወርሮን በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፤ ፓስታው ቀረ። የእኛ ያደረጉት እናቶቻችን ናቸው። በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ የሚቀርበው የምስር ሳምቡሳም ከባሕር ማዶ መጥቶ በእነሱ እጅ ቃሪያ የገባበት ነው።

እንዲህ ያለውን ሁሉ «ፊውዥን» ብሎ ማለፍ አይዋጥልኝም። የወሎ ማጀት የራሱ መጽሐፍ ይገባዋል፤ ልኬቱ በእፍኝና በጭብጥ ቢሆንም ግድ የለኝም፣ ማን ከማን እንደተማረው ግን ይጻፍ። እስቲ እናንተም ጻፉልኝ፤ እናታችሁ ስጎው ላይ ምን ትጨምር ነበር? ኮረሪማ? በሶብላ?