የጎማዬ የልደት ቀን

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጎማ ነው። ፖለቲካ የጠበቃችሁ ገጹን ግለጡት።

ባለፈው ጥር አንድ ማለዳ የዘጠኝ ዓመት ልጄን ከኋላ አስቀምጬ ከሀይዌይ 94 በስኔሊንግ በኩል ወጣሁ። ሴንት ፖል ሌሊቱን በረዶ ሲወርድባት አድሮ መንገዱ መስታወት መስሏል። ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ስደርስ መብራቱ ቀይ ሆነ፤ ፍሬን ያዝኩ። የ2004 ኮሮላዬ ግን አልሰማችኝም። እየተንሸራተተች ሄዳ የግሪን ላይን ባቡር ሐዲድ ላይ ቆመች። ደግነቱ ባቡሩ ገና ጣቢያው ላይ ሰው እየጫነ ነበር። የደወሉ ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ልጄ «አባዬ፣ ለምን እዚህ ቆምን?» አለችኝ።

ጎማዎቹን የገዛኋቸው ከሁለት ወር በፊት ያገለገለ ጎማ ከሚሸጥ ቤት ነው። ሊሾ አልነበሩም። ባለ 25 ሳንቲሟን ዘቅዝቄ ጥርሱ መካከል ከትቻት የዋሽንግተንን አናት ሸፍኖታል፤ ይህ ማለት ቢያንስ 4/32 ኢንች ቀርቶታል ማለት ነው። የሚኒሶታ ሕግ የሚጠይቀው 2/32 ብቻ ነው። ታዲያ ምን ጎደለ?

አንድ የአገሬ ልጅ መካኒክ ጎማውን በጥፍሩ ጫን ጫን አደረገና «ጋሼ፣ መቼ ነው የተሠራው?» አለኝ። አፈርኩ። ጋዜጠኛ ሳለሁ ቀን የሌለው ሰነድ ይዞ የመጣን ሰው አላስቀምጥም ነበር!

ቀኑ ጎማው ጎን ላይ፣ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ፣ በመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች ይገኛል። ብዙ ጊዜ የሚታተመው በአንድ ጎን ብቻ ስለሆነ የእኔው ወደ ውስጥ ዞሮ ነበር። በረዶው ላይ ተጋድሜ በባትሪ አነበብኩት፤ 4110። በ2010 41ኛው ሳምንት ማለት ነው። ልጄ ያኔ አልተወለደችም። ላስቲክ ተቀምጦም ያረጃል፣ ይደርቃል፤ አንዳንድ የመኪና ፋብሪካዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ቀይሩ ይላሉ፤ የጎማ ሠሪዎቹም ቢሆኑ ከአሥር ዓመት አያልፉም።

ዲግሪዬን የሠራሁት ስዊድን ነው። እዚያ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት በፈረንጆቹ መንገዱ በረዶ ከያዘ የክረምት ጎማ ግዴታ ነው። እዚህ ያ ሕግ ባይኖርም ብርዱ ግን ከዚያ አያንስም። የበጋው ላስቲክ ከሰባት ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እየጠነከረ ሲሄድ የክረምቱ እንደለሰለሰ ይቆያል። ምልክቱ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና የበረዶ ቅንጣት ነው። አራቱንም ገዛሁ፤ ዋጋውን ለባለቤቴ እስካሁን በትክክል አልነገርኳትም።

ነፋሱንም ጠዋት ጠዋት፣ ሞተር ሳይነሳ እለካለሁ። ብርዱ አሥር ፋራናይት በቀነሰ ቁጥር ጎማው አንድ ፒ ኤስ አይ ያህል ያጣል። ልኩ የተጻፈው የሾፌሩ በር ሲከፈት በሚታየው ወረቀት ላይ ነው፤ ጎማው ላይ ያለው ቁጥር ጣሪያው ነው፣ ብዙዎቻችን እሱን ስንሞላ ኖረናል።

ልጄም ቁጥሩን ማንበብ ተማረች። ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ በየመኪናው ሥር እያጎነበሰች ስትዞር ቆየችና፣ የአንድ የተከበሩ ሽማግሌ ካምሪ ጋ ስትደርስ ጮክ ብላ «አባዬ፣ ይሄኛው በአራት ዓመት ይበልጠኛል!» አለች።